የሚነካው ስክሪንና የአያ ፈንቴ አገጭ

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ በጣት የሚነካ ስክሪን መግጠም ምን ይጠቅማል? ይህን ስትጠይቁኝ እናንተ የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም። የመጀመሪያዋ ባለቤቴ ትርንጎ ናት። ሁለተኛዋም እሷው ናት። ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ ከእሷ ሰምቶ ነው። እኔም መልሱን የምሰጣችሁ ቀልድ አምሮኝ እንዳይመስላችሁ። ነገሩ ከባድ ነው። ሚስት የሞተችባቸው ሰው አሉበት፤ ሳይሞቱ የሞቱም አሉበት፤ በመካከሉ ደግሞ የእኔ ክንድ አለ። ስለዚህ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ።

ጎንደር፣ ከአራዳ ወረድ ብሎ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችን። ጉርድ ፎቶ እናነሳለን፣ የሰርግ እናትማለን፣ የሟች እናሳድጋለን። በዚህ ቅደም ተከተል ሰው ዕድሜውን ሙሉ እኛ ዘንድ ይመላለሳል ማለት ነው። ለብዙ ዘመን የሠራሁት በተራ ስክሪንና በማውስ ነበር። ማንም ምንም አላለኝም። አንድ ቀን ግን አንድ የሙያ ባልደረባዬ ባሕር ዳር ያለው ፎቶ ቤቱ ውስጥ ስክሪኑን በጣቱ እየነካ ሙሽራ ሲያሳምር አየሁ። ሙሽራዋ ከጎኑ ቆማ በአድናቆት ታየዋለች። ጎንደር እስክገባ ድረስ አውቶቡሱ መስኮት ዳር ተቀምጬ ጣቴን ሳይ መጣሁ።

ትርንጎ ሌላ ሐሳብ ነበራት። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ ደግፎ የሚያቆየው ባትሪ ከሞተ ከርሟል። እሷ «መጀመሪያ ባትሪው» አለች። እኔ «መጀመሪያ ስክሪኑ» አልኩ። ባትሪ ጠረጴዛ ሥር ተደብቆ የሚኖር ነገር ነው፤ ማን ያየዋል? ስክሪን ግን ደንበኛ ያየዋል፣ ጎረቤት ያየዋል፣ ተፎካካሪ ያየዋል። ደግሞ እኔ ስወስን ወሰንኩ ነው። ከአዲስ አበባ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ። ተቀብዬ በሁለት እጄ አቅፌ ወደ ቤት ስገባ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረቻችሁ» ሊለኝ ቃጣው።

የዚያኑ ዕለት ማውሱን ገመዱን ጠቅልዬ ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ሰቀልኩት። ጡረታ ወጣህ አልኩት። ትርንጎ አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ ወደ ጓዳ ገባች።

አሁን ስለ ጥቅሙ። እስኪ ይህን የምታነቡትን ለአፍታ አስቀምጡና ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። ጣታችሁን ቀስሩ። እንደዚያው ሆናችሁ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አየሩን ጠቅ ጠቅ አድርጉት። ስልክ በእጅ ይያዛል፤ ዴስክቶፕ ግን ፊት ለፊት እንደ ዳኛ ተቀምጦ አንተው ና ይላል። የመጀመሪያውን ቀን ስውል ትከሻዬ ተገነጠለ። ማታ ራት ቀርቦ ክንዴ ከጉልበቴ አልነሳም አለ። ትርንጎ አጎረሰችኝ። በፍቅር ነው ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

ደንበኞቹ ደግሞ አሉላችሁ። ስክሪኑ የሚነካ መሆኑ የተወራ ዕለት ከተማው ሁሉ እጁን አነሳ። ጉርድ ፎቶ የተነሳ ሰው «ይቺን ብጉር አጥፋልኝ» ይልና ብጉሩን በጣቱ ጠቅ ጠቅ ያደርጋታል። ስክሪኑ ሁለቴ ከተነካ ደግሞ የተነካውን ነገር አቅርቦ ያሳያል፤ ሥራው ነው። እና ብጉሯ ትቀርባለች። ሰውየው ይደነግጥና ደግሞ ይጫናታል። ብጉሯ ጭራሽ ስክሪኑን ትሞላለች። አንዲት ተማሪ አፍንጫዋን እንዲያ አድርጋ አቅርባው ስታበቃ አልቅሳ ወጣች፤ ፎቶውንም ሳትወስድ ቀረች። ቅቤ የተቀባ ሰው ይነካዋል፣ ሽሮ የበላ ይነካዋል፣ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው እንኳ ገባ ብሎ ነክቶት ይሄዳል። ትርንጎ ጨርቅ ይዛ ስታብስ መዋል ሆነ ሥራዋ። ባበሰች ቁጥር «ምን ይጠቅማል?» ትላለች። ባበሰች ቁጥር አልኳችሁ።

እንዲህ እያለን አንድ ዓርብ ቀን ከምሳ በኋላ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ከደጃፉ ቆመው «ቤቶች!» አሉ። በትራቸውን ከበሩ ጋ አስደግፈው፣ ጫማቸውን ጠርገው ገቡና ባንኮኒው ፊት ቆሙ። አያ ፈንቴ ይባላሉ። የመጡት ከመካነ ብርሃን ነው፤ ከጃናሞራ። ይቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። የጋቢያቸው ጫፍ ተቋጥሯል። ቋጠሮውን በጥርሳቸው ጭምር እየታገሉ ፈቱትና ከባቄላ ገለባ የማትበልጥ የስልክ ሚሞሪ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«የእህቴ ልጅ ስልክ ውስጥ ነበረች» አሉ። «ስልኩ ወንዝ ገባና ሞተ። ይቺ ብቻ ተረፈች ይላል። ሚስቴ እዚህ ውስጥ አለች። ሌላ ቦታ የለችም።»

«መቼ ነው ያረፉት፣ አያ?»

«እሑድ ሙት ዓመቷ ነው። የሞተች ጊዜ ልብሷን ይዘን አለቀስን። አገራችን እንዲያ ነው፤ የሟች ልብስ ተይዞ ነው የሚለቀስ። ቀሚሷን አየሁት፣ ነጠላዋን አየሁት። ልብሷ እሷን አይመስልም፣ ልጄ።» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «አሁን ደግሞ ፊቷ እየጠፋብኝ ነው። ድምጧ አለ። እጇ አለ። ፊቷን ግን ላስበው ስል አልመጣም ይለኛል። እሑድ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ማንን አይቼ ላልቅስ?»

ትርንጎ ጨርቋን አስቀመጠች። ሟች ማሳደግ የዘወትር ሥራዬ ነው፤ እንዲህ ብሎኝ የመጣ ሰው ግን አልነበረም።

ሚሞሪውን ከፈትኩት። ያለችው ፎቶ አንዲት ብቻ ናት። ክርስትና ተነስቶ፣ ዳስ ውስጥ ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል፤ ሁሉም ሹሩባ ተሠርተዋል፤ ሁሉም ወደ ስልኩ ይስቃሉ።

«የትኛዋ ናቸው?» አልኳቸው። ከዚያ የባሕር ዳሩ ሰውዬ ትዝ አለኝና ደረቴን ነፋ አድርጌ «ወዲህ ይዙሩና በጣትዎ ይንኩልኝ። የሚነካ ነው» አልኩ።

«ኧረ ወዲያ!» አሉ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እያሉ። «የሞተች ሚስቴን በጣት ልጠቁማት?»

እውነታቸውን ነው። እኛ ሰው ላይ ጣት አንቀስርም፤ ጣት የሚቀሰረው ሌባ ላይ ነው። ሰው የምናሳየው በአገጭ ነው። መንገድ ብትጠይቁን በአገጭ፣ ባለጉዳዩ የታል ብትሉን በአገጭ፣ እከሌ ነው የከሰሰህ ለማለትም በአገጭ። ጥንት የኖርንበት ነው። ታዲያ አገጭ ከማዶ ያለ ተራራ ለማሳየት ይበቃል እንጂ፣ ስክሪን ላይ ትከሻ ለትከሻ ከተጣበቁ ሴቶች አንዷን ለመለየት አይሆንም። ይህን አሁን ነው የማውቀው።

አያ ፈንቴ ከባንኮኒው ወዲያ እንደ ቆሙ አገጫቸውን ወደ ስክሪኑ ወርወር አደረጉና «ያችውና!» አሉ።

ተከትዬ አየሁ። አገጫቸው ያረፈበት ቦታ መሐል ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ አቤት ውበት! አንገቷ ላይ የወርቅ መስቀል፣ ዓይኗ ጥርት ያለ፣ ጥርሷ በረድ። ከእሷ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ትርንጎም በትከሻዬ ላይ አጮልቃ አየችና ከንፈሯን መጠጠች። «እንዲህ ያለችውን ሞት ይወስዳታል?» አለች።

«ስማቸውን ይንገሩኝ፤ ከሥር እጽፈዋለሁ።»

ባል የሚስቱን ስም በሰው ፊት እንዲህ በቀላሉ አይጠራም። አያ ፈንቴ ወደ መሬት እያዩ «የክርስትና ስሟ ይበቃል፤ ወለተ ማርያም በል» አሉኝ። ከዚያ ጧፍ ሊገዙ ገበያ እንደሚወርዱ፣ እዚሁ ቀሐ ሰፈር የምትኖረውን የሟችን እህት ይዘው እንደሚመለሱ፣ ነገ በጥዋት በሚወጣው ማኪና አብረው እንደሚሄዱ ነገሩኝና በትራቸውን አንስተው ወጡ።

እኔም ሥራዬን ጀመርኩ። እንዲያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ቀን የለም። ከግራ ከቀኝ የተቀመጡትን ሴቶች አስወጣሁ። የጎረቤቷ እጅ ትከሻዋ ላይ ቀርቶ ነበር፤ በጣቴ እያባበልኩ አነሳሁት። ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ጥቁር ምልክት ነበረች፤ አጠፋኋት። የዳሱን ቅጠል አውጥቼ ደመና አስገባሁ፤ ሰማያዊ፣ ፈካ ያለ፣ ገነትን የሚያስታውስ። በዚህም በዚያም የበራ ሻማ አቆምኩ። ከሥር በትልቁ «ወለተ ማርያም፤ ነፍሷን በገነት ያኑርልን» ብዬ ጻፍኩ። ክንዴ ዝሎ ሲወርድ በግራዬ እየደገፍኩ ነው የምሠራው። ፊቷን እንዲያ አቅርቤ ሳየው ስውል የምር አዘንኩላት። አብረን ያደግን መሰለኝ። እንባዬን በክርኔ ጠረግሁ፤ በእጄ እንዳልጠርግ ጣቴ እርጥብ ከሆነ ስክሪኑ ይዘባርቃል።

ልክ በዚያች ሰዓት ከደጃፉ «እንደምን ዋላችሁ?» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። ቀና አልኩ።

ሟቿ ናት።

ነጠላዋን መስቀለኛ ለብሳ፣ የወርቅ መስቀሏን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ባንኮኒዬ ፊት ቆማለች። ተሳሳትኩ እንዳልል ፊቷን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። አሁን ያጠፋኋት ምልክት እንኳ ጉንጯ ላይ ተመልሳለች። ወንበሬ ከኋላዬ ወደቀ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ምን እንደሚናገር አስባችሁ ታውቃላችሁ? ስመ እግዚአብሔር ይጠራል ትሉ ይሆናል። እኔ እጅ ነስቼ «መቼ መጡ?» አልኳት።

«አሁን ነው፣ በባጃጅ» አለች።

ትርንጎ ከጓዳ ብቅ አለችና «በስመ አብ ወወልድ!» ብላ በዚያው ተመለሰች። ሟቿ ግራ ገብቷት ዞር ዞር ስትል ስክሪኑን አየች። ራሷን አየች። ደመናውን አየች፣ ሻማውን አየች፣ ከሥር የተጻፈውን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች።

«ይቺ እኔ ነኝ!» አለች።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እትዬ ዘውድነሽ ናቸው፤ ከቀሐ የሚመጡት የሟች እህት። በክርስትናው ቀን እሳቸውም አገር ቤት ሄደው ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው ነበር። አያ ፈንቴ ከኋላቸው ጧፉን በብብታቸው ይዘው ጫማቸውን እየጠረጉ ነው፤ የሆነውን አላዩም።

«እኔን ነው የገደልከኝ? በቁሜ?» አሉ እትዬ ዘውድነሽ። «ነፍሴን በገነት? የጠላቴን ነፍስ! ምን አድርጌህ ነው አንተ ሰው? ማርያም የሳመችኝንስ የት አደረስከው?»

«እትዬ፣ ይረጋጉ፣ ስሕተት ነው…»

«አጥፋው! አሁኑኑ አጥፋው! ሟርተኛ!»

እኔ እስክጠጋ አልጠበቁም። ባንኮኒውን በደረታቸው ተደግፈው፣ ረጅሙን ክንዳቸውን ሰደው፣ ስክሪኑን በጣታቸው ወጉት። እኔ ስነካው ሁለት ሦስት ጊዜ የሚያስለምነኝ ስክሪን ለእሳቸው እንደ አሽከር ታዘዘ። አንድ ጊዜ ወጉት፤ አፍንጫቸው ደመናውን ሞላው። ይህ ጭራሽ አናደዳቸውና አሥሩንም ጣት አዘነቡበት። ከጎን ተከፍቶ የነበረው የሚሞሪው መስኮት ላይ ጣታቸው አረፈና ትንሽ ቆየ። የወጣውንም ዝርዝር ወጉት፤ ኮምፒውተሩ ላጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀ። እትዬ ዘውድነሽም አጥፋ የሚለውን ቁልፍ በሙሉ ልባቸው ተጫኑት።

ከኮምፒውተር ውስጥ የጠፋ ነገር መጀመሪያ ቅርጫት ይገባል፤ ከዚያ አውጥቶ መመለስ ይቻላል። ከሚሞሪ ላይ የጠፋ ግን ቅርጫት የሚባል አያውቅም፤ እንደ ወጣ ይቀራል። ባለሙያ አለ፣ ያወጣዋል ይላሉ፤ ነገ በጥዋት ማኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ግን ያ ባለሙያ ከየት ይመጣል? ወደ ሚሞሪው መስኮት አየሁ። ባዶ ነው።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?» አሉ አያ ፈንቴ።

ትርንጎ ናት መጥታ፣ አጠገባቸው ቆማ፣ ቀስ ብላ የነገረቻቸው። በሚስትዎ ፋንታ ሌላ ሰው ነው የሠራነው፤ ዋናው ፎቶም ከሚሞሪው ጠፋ አለቻቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ በበትራቸው ቢመቱኝም እቀበል ነበር። እሳቸው አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡና የጋቢያቸውን ጫፍ ፈልገው፣ ምንም የሌለበትን፣ መልሰው ቋጠሩት። እትዬ ዘውድነሽ ይህን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቁጣቸው በአንድ ጊዜ በረደ፤ «እህቴን! በእጄ!» ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«አንተ!» አለች ትርንጎ። «የምትሠራበት ፕሮግራም እኮ አልተዘጋም! እሱ ውስጥ የለችም?»

እውነቷን ነው። ከሚሞሪው ትጥፋ እንጂ እኔ የከፈትኳት ገና እንደ ተከፈተች ናት። የሠራሁትን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ብመልሰው ሴቶቹ ሁሉ ተመልሰው ይመጣሉ። ይህን አስቤ ሳልጨርስ መብራቱ ብልጭ አለ። ሄደ፣ መለስ አለ። የጎንደር ሰው ይህን ምልክት ያውቀዋል፤ መብራት ሊሄድ ሲል እንዲህ ነው የሚሰናበተው። ከጠፋ ሁሉም ነገር አለቀ። ሁላችንም ወደ ጠረጴዛው ሥር፣ ወደ ሞተው ባትሪ አየን። ትርንጎ ምንም አላለችም። ምንም ባለማለቷ ዕድሜ ልኬን አመሰግናታለሁ።

«ማንም እንዳይነካ!» ብዬ ጮህኩ። ጣቴን አነሳሁ፤ የዛለው ክንዴ ወደ ታች ይጎትተኛል። ተመለስ የሚለውን ልነካ ስል ሌላ ነገር ልነካ ሆነ። «ማውሱን አምጪልኝ! ማውሱን!»

ትርንጎ ከምስማሩ አወረደችው። ገመዱን ስንፈታ እጃችን እርስ በርሱ ተጠላለፈ። ሰካሁት። በማውስ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ። ጽሑፉ ሄደ። ሻማው ሄደ። ደመናው ሄዶ የዳሱ ቅጠል ተመለሰ። እትዬ ዘውድነሽ ጉንጭ ላይ ማርያም የሳመቻቸው ተመለሰች። «እሰይ!» አሉ ከወለሉ። የጎረቤታቸው እጅ ትከሻቸው ላይ መጣ፤ ጎረቤቷም ተከትላ መጣች። ሁሉም በየቦታቸው ተቀመጡና ሳቃቸውን ቀጠሉ።

«አያ ፈንቴ» አልኩ፣ «አሁን በአገጭ አይሆንም። ይምጡና ያሳዩኝ።»

ተነሱ። ባንኮኒውን ዞረው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ስክሪኑ ቀረቡ። ዓይናቸውን አጥብበው ከዳር ጀምረው አንድ በአንድ አለፏቸው። ቆንጆዎቹን ሁሉ አለፏቸው። መጨረሻ ላይ፣ ከተቀመጡት በስተ ኋላ፣ እኔ ሰው መሆኗን እንኳ ያላየኋት አንዲት ሴት አለች። ግማሽ ገላዋ ከፎቶው ውጪ ነው የቀረ። ጎንበስ ብላ ከእንስራ ጠላ ትቀዳለች። አንድ ሰው የጠራት ይመስል ፊቷ ቀና ብሏል።

«አለች!» አሉ አያ ፈንቴ።

ከዚያ ጎንበስ ብለው ሳሟት።

«አይንኩት!» አልን ሦስታችንም ባንድ አፍ። ማን ሰምቶን! አገራችን አንድ ጊዜ ስሞ የሚተው የለም፤ ደገሟት። ስክሪኑ ከንፈር ይሁን ጣት አይለይም፤ ሁለቴ ከተነካ የተነካውን ያቀርባል፤ ሥራው ነው። የተደረደሩት ሴቶች ወደ ጎን ሸሹ፣ ዳሱ ሸሸ፣ የእሷ ፊት ብቻ ቀርቦ ቀርቦ መስታወቱን ሞላው። አያ ፈንቴ አልደነገጡም። ወደ ኋላም አላሉ። ፊት ለፊት ቆመው «መጣች» አሉ፣ ለሰው ሳይሆን ለራሳቸው።

እኔ እንባዬን እየዋጥኩ አስቀምጥ የሚለውን በማውስ ተጫንኩ። መብራቱም ሄደ።

ስክሪኑ ጠቆረ። ከመንገዱ ዳር የጄኔሬተር ድምፅ ይሰማል፤ ባጃጆች ያልፋሉ።

«ተቀመጠች?» አለች ትርንጎ በሹክሹክታ።

«እንጃ» አልኳት። እውነቴን ነው፤ መቅደሜንም መቀደሜንም አላውቅም።

አያ ፈንቴ ወደ አግዳሚው ተመልሰው ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ደክሟቸው ይሆናል ብዬ «ውኃ ላምጣልዎ፣ አያ?» አልኳቸው።

«አታናግረኝ» አሉ፣ ሳይገልጡ። «እንዳታመልጠኝ ይዣታለሁ።»

ስለዚህ ዝም ብለን መጠበቅ ሆነ። እትዬ ዘውድነሽ ብቻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለትርንጎ ያወሯታል። እህቴ ፎቶ አትወድም ነበር አሏት። ሰው ሁሉ ተነሱ ሲባል ተጎልቶ ይሳሳቃል፤ እሷ እየዞረች ትቀዳለች። የዚያን ቀንም እኔ ነኝ ቀና በይ ብዬ የጠራኋት አሉና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ደንበኛ መጥቶ ሊገባ ሲል ትርንጎ በእጇ ትመልሰዋለች። ስንት ሰዓት እንደዚያ እንደ ቆየን አላየሁም፤ ፀሐዩ ግን ከደጃፉ ለቆ ማዶ ያለው ግድግዳ ላይ ወጥቶ ነበር።

መብራት መጣ። ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ተነስ ሲባል የሚንጠራራ ነው፤ እየተንጠራራ ተነሳ። ፋይሉን ፈለግሁ። አለ። ከፈትኩት። እንስራዋን እንደ ያዘች አለች።

«ይግለጡ፣ አያ» አልኳቸው።

ገልጠው አዩ። ቆይተው አዩ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በዓይናቸው የያዟትና ስክሪኑ ላይ ያለችው አንድ ሆነው ነው መሰለኝ።

እትዬ ዘውድነሽ ይህን ጊዜ ነው ወደ እኔ የዞሩት። «አንተስ፣ ከዚያ ሁሉ ሴት እኔን ምን ብለህ መረጥክ?» አሉ።

«ምን ላድርግ እትዬ» አልኩ። «አያ ፈንቴ በአገጫቸው ሲያሳዩኝ፣ ከሁሉም ቆንጆዋን ያሳዩኝ መሰለኝ።»

አያ ፈንቴ ግር ብሏቸው አዩኝ። «እሷኑ እኮ ነው ያሳየሁህ» አሉ።

እኔም ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። ፊቷ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል። ግንባሯ ላይ ላብ አለ፤ አንድ ዓይኗ በጭስ ይሁን በሳቅ ጨፈን ብሏል፤ ከፀጉሯ አንዲት ዘለላ አምልጣ ጉንጯ ላይ ወድቃለች። ጣቴ ለምዶበት ወደ ላቡ ሄደ።

«ላጽዳት?» አልኩ።

«ከምኗ?» አሉኝ።

ጣቴን መለስኩ።

«ምንም እንዳትነካት» አሉ። «ሸጋ ናት። እንስራዋንም ተውላት፤ ያለ እሱ እጇን ምን ታደርገዋለች?»

ምንም ሳልነካ አተምኩ። አያ ፈንቴ በእጃቸው ያዟት፤ በጋቢያቸው ሸፈኗት፤ መርቀውን ወጡ። በዚያው ሳምንት ባትሪውን ገዛሁ። ማውሱም ምስማሩ ላይ አልተመለሰም።

እትዬ ዘውድነሽ ሙት ዓመቱን አውለው ተመለሱና አንድ ቀን ብቅ አሉ። መጀመሪያ ዙሪያውን ቃኙ፤ ሌላ ደንበኛ አለመኖሩን ካዩ በኋላ ነው የተናገሩት። «ያችን ፎቶ አስቀምጠሃታል?» አሉ። «የእኔን። ጽሑፉንና ሻማውን አውጣና አትምልኝ። ደመናው ይሁን፤ ያምር ነበር። ማርያም የሳመችኝን ብቻ መልስ።» አዲስ ሠርቼ ስጨርስ ስለ እሑዱ አወሩን። ፎቶዋ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሁሉም እየሳመ አለቀሰ፤ አያ ፈንቴም እያዩዋት እንደ ልባቸው አለቀሱ። ሰው ከየት አገኘሃት ሲላቸው «ጎንደር አንድ መስታወት አለ» ብለው ነው የሚመልሱት። «ሰው ሁሉ በጣቱ ይወጋዋል፤ እሱ ግን በጣት አይደለም። ብስማት ጊዜ ወደ እኔ መጣች።»

ይኸው ከዚያ ወዲህ ከጃናሞራ ጎንደር የመጣ ሐዘንተኛ ሁሉ ደጃፋችን ላይ ቆሞ «የሚሳመው የታል?» ይላል። የእኔን ክንድ የሚጠይቅ የለም። እኔ ፎቶውን እከፍትላቸውና ከወንበሬ ተነስቼ ቦታ እለቃለሁ። ትርንጎም ምን ይጠቅማል ማለቱን ትታለች። ጨርቋን ይዛ ከጎን ትቆማለች፤ ቶሎ ግን አታብስም።